ቆሮንቶስ፦ በሁለት ባሕሮች መካከል ስትወድቅና ስትነሣ የኖረች ከተማ

ቆሮንቶስ የሚለው ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለዚህች ከተማ ምእመናን የጻፋቸው ሁለት መልእክታት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሲነበቡና ሲተረጎሙ ኖረዋል። ስለ ፍቅር የሚናገረው ቃል በየሠርጉ፣ ስለ ትንሣኤ የሚናገረውም በየኀዘን ቤቱ ይሰማል። ይሁንና ስሟን የሚያውቀው ብዙ ሲሆን፣ ከተማዋ የት እንዳለች፣ በምን እንደከበረች፣ ዛሬስ ነዋሪዎቿ በምን እንደሚተዳደሩ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ለብዙዎች በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የቀረች ከተማ ትመስላቸዋለች።

ቆሮንቶስ ግን ዛሬም አለች። ከግሪክ ዋና ከተማ ከአቴንስ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በባሕር ዳርቻ ላይ ተቀምጣለች፤ 30 ሺህ ገደማ ነዋሪዎች ያሏት የገበያና የአስተዳደር ማዕከል ናት። በዙሪያዋ ወይን፣ ወይራና ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬዎች ይኖራሉ። በረጅም ታሪኳ በጦር ተደምስሳለች፤ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፤ ገበሬዎቿ የተማመኑበት አንድ ምርት ዋጋው ሲወድቅም ልጆቿን ባሕር ማዶ ሸኝታለች። ከእያንዳንዱ ውድቀት በኋላ እንድትነሣ የረዳት የቆመችበት ቦታ ነው። ታሪኳ ግን ቦታና ገበያ የሚሰጡት ዕድል ብቻውን ዋስትና እንደማይሆንም ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠባቡ የምድር አንገት

የግሪክ ደቡባዊ ክፍል ፔሎፖኔዝ ይባላል። ተራሮችና ሸለቆዎች የሞሉበት፣ ባሕር ከሞላ ጎደል በሁሉም አቅጣጫ የከበበው ሰፊ ምድር ነው። ከቀረው የግሪክ የብስ ጋር የሚያገናኘው አንድ ቀጭን የመሬት አንገት ብቻ ነው፤ ስፋቱም በጠባቡ በኩል ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሊቃውንት እንዲህ ያለውን መሬት ልሳነ ምድር ይሉታል። ከዚህ አንገት በስተምዕራብ የቆሮንቶስ ባሕረ ሰላጤ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ የሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ ይገኛል።

የቦታው ጥቅም ለማንም ግልጽ ነበር። ከሰሜን ወደ ደቡብ በእግር ወይም በጋማ ከብት የሚጓዝ ሁሉ በዚህ አንገት ማለፍ ግድ ይለዋል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በመርከብ የሚሄደው ነጋዴም ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፦ ወይ ፔሎፖኔዝን በሙሉ በደቡብ በኩል መዞር፣ ወይ ሸቀጡን በዚህ ጠባብ መሬት ላይ ማሻገር። በደቡብ በኩል ማሌያ የሚባለው የምድር ጫፍ በማዕበሉና በነፋሱ የሚፈራ ስለነበር፣ ብዙዎች ሁለተኛውን ይመርጡ ነበር።

ጥንታዊቷ ቆሮንቶስ በዚህ አንገት አጠገብ ተቆርቁራ ሁለቱንም መንገዶች ትቆጣጠር ነበር። ሁለት ወደቦች ነበሯት፦ በምዕራቡ ባሕር ላይ ሌካዮን፣ በምሥራቁ ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ክንክራኦስ ተብሎ የተጠቀሰው። ከከተማዋ በስተጀርባ አክሮኮሪንት የተባለው 575 ሜትር ከፍታ ያለው ዓለታማ ተራራ ይነሣል። ጠላት ሲመጣ ሕዝቡ የሚሸሸግበት፣ በአናቱ ላይ እንኳ የምንጭ ውኃ ያለው ምሽግ ነበር። በተራራውና በባሕሩ መካከል የተዘረጋው ሜዳ ለም ነው። ከተማዋም በምንጮቿ የታወቀች ስትሆን፣ ከሁሉ ስመ ጥር የሆነው የፔይሬኔ ምንጭ መስህብ ሆኖ ዛሬም ይጎበኛል።

መርከብ የሚጎተትበት መንገድ

በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ኪፕሴሎስ የተባለ ሰው ከተማዋን ይገዙ የነበሩትን ባላባቶች ገልብጦ ሥልጣን ያዘ። እርሱን የተካው ልጁ ፔሪያንድሮስ ነበር። በዚህ ሰው ዘመን፣ በ600 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ፣ በልሳነ ምድሩ ላይ ዲዮልኮስ የተባለ በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ እንደተሠራ ይታመናል። ከአንዱ ባሕር የመጣ ጭነት፣ አንዳንድ ጊዜም መርከቡ ራሱ፣ በመንኮራኩር ላይ ተጭኖ በዚህ መንገድ ወደ ሌላው ባሕር ይጎተት ነበር። በንጣፉ ድንጋዮች ላይ መንኮራኩሮች ያለፉባቸው ቦዮች ዛሬም ይታያሉ።

ቆሮንቶስ በቦታዋ ብቻ አልተወሰነችም። ሸክላ ሠሪዎቿ የሚያስጌጧቸው ዕቃዎች በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻዎች ሁሉ ይሸጡ ነበር። መርከብ ሠሪዎቿም በጊዜው ዝነኞች ነበሩ፤ በሦስት ረድፍ ቀዛፊዎች የሚነዳው የጦር መርከብ በግሪክ ምድር መጀመሪያ የተሠራው በቆሮንቶስ እንደሆነ የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ መዝግቧል። በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከከተማዋ የወጡ ሰፋሪዎች በሲሲሊ ደሴት ላይ ሲራኩስን ቆረቆሩ፤ እርሷም በኋላ ከታላላቆቹ የግሪክ ከተሞች አንዷ ለመሆን በቃች። በሕንፃ ጥበብ ደግሞ ጫፉ በቅጠል ቅርጽ የተጌጠው የዓምድ ዓይነት እስከ ዛሬ በቆሮንቶስ ስም ይጠራል።

በልሳነ ምድሩ ላይ የባሕር አምላክ ተብሎ ይታመንበት በነበረው በፖሲዶን ስም በየሁለት ዓመቱ የሩጫና የትግል ውድድር ይካሄድ ነበር። ከኦሎምፒያው ውድድር ጋር በስም የሚነሣ ሲሆን፣ አሸናፊዎች የሚሸለሙት ከቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው መልእክቱ ስለ ሯጮችና ስለሚጠፋ አክሊል ሲጽፍ፣ አንባቢዎቹ ነገሩን በደጃቸው የሚያዩት ነበር።

የመጀመሪያው ጥፋትና ዳግም ልደት

ሮም ኃይሏን ወደ ምሥራቅ በዘረጋች ጊዜ ቆሮንቶስ ከሌሎች የግሪክ ከተሞች ጋር አብራ ተቃወመች። በ146 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሮማው ጦር መሪ ሉክዮስ ሙሚዮስ ከተማዋን ያዘ። ወንዶቹ ተገደሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት ለባርነት ተሸጡ፤ ጌጣጌጦቿና ሐውልቶቿ ተዘርፈው ወደ ሮም ተጋዙ፤ ከተማዋም ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል በፍርስራሿ ውስጥ ከተጠጉ ጥቂት ሰዎች በቀር ከተማ የሚባል ነገር አልነበረባትም።

ይሁን እንጂ ቦታው እንዳለ ነበር። በ44 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ዩልዮስ ቄሣር ከተማዋ በሮማ ሠፈርነት እንደገና እንድትቆረቆር አዘዘ። አዲሶቹ ሰፋሪዎች በአብዛኛው ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ወደቦች እንደገና ተከፈቱ፤ ንግዱም ተመለሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቆሮንቶስ አካይያ የተባለው የሮማ ግዛት መቀመጫ ሆነች፤ ግሪኮች፣ ሮማውያን፣ አይሁድና ከምሥራቅ የመጡ ነጋዴዎችም ተቀላቅለው ይኖሩባት ጀመር።

ቅዱስ ጳውሎስ በ50 ዓ.ም. ገደማ የደረሰው ወደዚህች ከተማ ነው። የሐዋርያት ሥራ እንደሚተርከው በዚያ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ያስተምር ነበር። ብዙ መንገደኛ ለሚያርፍባት የወደብ ከተማ ድንኳን ሰፊ ተፈላጊ ባለሙያ ነበር። ተቃዋሚዎቹ የአካይያ አገረ ገዥ በነበረው በጋልዮስ ፊት እንደከሰሱትም ተጽፏል። ይህ ጋልዮስ በዴልፊ በተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ስሙ ተጠቅሷል፤ የታሪክ ሊቃውንት ጳውሎስ በቆሮንቶስ የነበረበትን ጊዜ ለመገመት የሚረዳቸው አንዱ ማስረጃ ይኸው ነው። በመልእክታቱ ውስጥ የሚታዩት ክርክሮች፣ የሀብታምና የድኻ ልዩነት፣ የመከፋፈልና የፉክክር ነገር፣ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ሕዝብ የሚኖርባት የንግድ ከተማ ጠባይ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዘመናትም ለከተማዋ ቀላል አልነበሩም። በ267 ኤሩላውያን፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጎቶች ንጉሥ አላሪክ ወረሯት። የመሬት መንቀጥቀጥም በተደጋጋሚ መታት። በ1147 ከሲሲሊ የመጡ ኖርማኖች ሲዘርፏት ከዕቃው ጋር ሐር ሠሪዎችን ጭምር ማርከው ወሰዱ፤ በዚያን ጊዜ የሠለጠነ ባለሙያ ከወርቅ የማይተናነስ ምርኮ ነበርና። በ1458 ኦቶማን ቱርኮች ያዟት፤ በመካከሉ ቬኒሳውያን ለጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወሰዷት፤ በ1715 እንደገና በቱርኮች እጅ ገባች። በ1821 በጀመረው የግሪክ የነፃነት ጦርነትም ክፉኛ ተጎዳች።

በመጨረሻም በየካቲት 1858 ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራረሳት። በዚህ ጊዜ ነዋሪዎቿ ያንኑ ቦታ መልሰው አልሠሩም። ከጥንቱ ሥፍራ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀው በባሕሩ ዳር አዲስ ከተማ መሠረቱ። ዛሬ ቆሮንቶስ የሚባለው ይህ ነው። በጥንቱ ሥፍራ የቀሩት ሰዎች የሚኖሩበት ደግሞ ጥንታዊት ቆሮንቶስ የሚባል መንደር ሆነ።

የከተማዋን ስም የያዘው ዘቢብ

አዲሲቷ ቆሮንቶስ የተቆረቆረችው የአካባቢው ገበሬዎች ወደ አንድ ትልቅ ተስፋ በሚሮጡበት ጊዜ ነበር። በቆሮንቶስ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ ፍሬው ጥቃቅን፣ ጥቁር፣ ዘር የሌለው የወይን ዓይነት ከጥንት ጀምሮ ይበቅላል። ይህ ወይን ሲደርቅ የሚሆነው ዘቢብ በአውሮፓ ገበያ የታወቀው በከተማዋ ስም ነው። በእንግሊዝና በፈረንሳይ ቋንቋዎች ዛሬም የሚጠራበት ስም ቆሮንቶስ ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የወይኑ ሐረግ በክረምት ይገረዛል፤ በጸደይ ያቆጠቁጣል። ፍሬው እንዲይዝና እንዲሞላ ገበሬዎች የግንዱን ልጥ በቀለበት መልክ በጥንቃቄ ይቆርጡ ነበር። ነሐሴ ሲደርስ ዘለላው ተለቅሞ፣ እህል ከሚወቃበት አውድማ ጋር በሚመሳሰል የተደለደለ መሬት ላይ ለፀሐይ ይሰጣል። ለመድረቅ ዐሥር ቀን ገደማ ይወስዳል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የገበሬው ዓይን ከሰማይ አይነቀልም፤ አንድ ዝናብ ከመጣ የዓመቱ ድካም ሊበላሽ ይችላልና። አዝመራው በአውድማ ላይ ሳለ ያለ ወቅቱ ዝናብ ያገኘው ገበሬ ሁሉ ይህን ሥጋት ያውቀዋል።

በ1870ዎቹ የፈረንሳይ የወይን እርሻ ከባድ መቅሠፍት ደረሰበት። ፊሎክሴራ የምትባል፣ ከአሜሪካ የገባች፣ የወይን ሥር የምታጠቃ ጥቃቅን ነፍሳት ብዙ እርሻ አደረቀች። የወይን ጠጅ ጠማቂዎችም ፍሬ ሲያጡ ፊታቸውን ወደ ግሪክ ዘቢብ አዞሩ። ዘቢቡን በውኃ ዘፍዝፈው ጠጅ ይጥሉበት ጀመር። ዘቢብን ዘፍዝፎ መጭመቅ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቍርባን የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ የሚዘጋጅ ነውና። በፈረንሳይ ግን ነገሩ የፋብሪካና የትልቅ ንግድ ጉዳይ ሆነ።

የዘቢብ ዋጋ ወጣ። የፔሎፖኔዝ ገበሬዎችም ያላቸውን መሬት ሁሉ ወይን ተከሉበት። ለዘመናት ያፈራ የነበረው ወይራ በብዙ ቦታ ተቆርጦ ወይን ተተካበት፤ እህል ይዘራበት የነበረው ሜዳ በወይን ተሸፈነ። መሬት የሌለው ሰው ከነጋዴ ተበድሮ ተከለ። ዘቢብ ለግሪክ የውጭ ንግድ ከሚያስገኘው ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሸፍንበት ጊዜም ነበር። አገሪቱ በአንድ ፍሬ ላይ ቆመች ማለት ይቻላል።

ሁለት ሺህ ዓመት የተጠበቀው ቦይ

በዚሁ ዘመን በልሳነ ምድሩ ላይ ሌላ ታላቅ ተስፋ እየተቆፈረ ነበር። መሬቱን ሰንጥቆ ሁለቱን ባሕሮች የማገናኘት ሐሳብ እጅግ ጥንታዊ ነው። የሮማው ቄሣር ኔሮን በ67 ዓ.ም. ሥራውን በራሱ እጅ በወርቅ መቆፈሪያ እንዳስጀመረው ይተረካል። በይሁዳ በተደረገው ጦርነት የተማረኩ 6 ሺህ አይሁድም ለቁፋሮው ተልከው ነበር። ኔሮን በማግሥቱ ዓመት ሲሞት ሥራው ቆመ።

የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ሐሳቡ እንደገና ተነሣ። ኢስትቫን ቲዩር የተባለ የሃንጋሪ ጄኔራል ባቋቋመው ኩባንያ አማካይነት ቁፋሮው በ1882 ተጀመረ። ወጪው ከታሰበው በላይ ስለሆነ ኩባንያው በ1890 ከሰረ። ሥራውን አንድ የግሪክ ኩባንያ ተረክቦ ፈጸመው፤ ቦዩም በ1893 በጋ ተመረቀ። ርዝመቱ 6.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በውኃው ወለል ላይ ስፋቱ 25 ሜትር እንኳ አይሞላም። ግራና ቀኝ የቆሙት የተቆረጡ ግድግዳዎች በአንዳንድ ቦታ ወደ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ከላይ ካለው ድልድይ ቁልቁል የሚመለከት ሰው መርከቧ በቀጭን ስንጥቅ ውስጥ የምትሳብ ይመስለዋል።

ሥራው የምሕንድስና ድንቅ ቢሆንም የታሰበውን ያህል ትርፍ አላመጣም። ቦዩ ጠባብ ነው፤ ነፋሱና የውኃው ግፊት ለመርከበኞች ያስቸግራል፤ ግድግዳው በየጊዜው ይናዳል። የመርከቦች መጠን እያደገ ሲሄድ ደግሞ ታላላቆቹ ጭራሽ ሊያልፉበት አልቻሉም። በ1944 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ ግድግዳውን በፈንጂ አፍርሶ፣ የባቡርና የድልድይ ስብርባሪ ከትቶበት ሄደ፤ ተጠርጎ የተከፈተው በ1948 ነው።

የ1893 ዓመት ሁለት ፊት

ቦዩ የተመረቀበት ዓመት ለገበሬው የመከራ ዓመት ሆነ። የፈረንሳይ ገበሬዎች የነፍሳቷን ጥቃት በሚቋቋም የአሜሪካ የወይን ሥር ላይ የራሳቸውን ሐረግ እያዳቀሉ እርሻቸውን መልሰው አቋቁመው ነበር። መንግሥታቸውም የራሱን ገበሬ ለመጠበቅ በ1892 ከፍተኛ ቀረጥ ጣለ። ዋነኛው ገዢ ሲሸሽ የግሪክ ዘቢብ በመጋዘን ተከመረ፤ በ1893 ዋጋው ወደቀ።

ውድቀቱ በየቤቱ ገባ። የተቆረጠውን ወይራ መልሶ ተክሎ ለፍሬ ማድረስ ዓመታት ይፈልጋል። የተበደረው ገንዘብ ግን ቀነ ገደብ ነበረው። ገበሬው ለነጋዴው፣ ነጋዴው ለባንኩ መክፈል አቃተው። የመንግሥትም ገቢ ስለቀነሰ በታኅሣሥ 1893 ጠቅላይ ሚኒስትር ካሪላዎስ ትሪኩፒስ አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈል እንደማትችል አስታወቁ። የመንግሥቱ ዕዳ የበዛበት ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት፤ የዘቢቡ መውደቅ ግን ሊሸከመው የማይችል ተጨማሪ ሸክም ሆነበት።

መንግሥት በ1895 ባወጣው ሕግ ከሚላከው ዘቢብ የተወሰነው ክፍል እየተቀነሰ በአገር ውስጥ እንዲቀርና ለአልኮልና ለመሳሰሉት ፋብሪካዎች እንዲውል አደረገ። ዓላማው በገበያው ላይ ያለውን ትርፍ ምርት ቀንሶ ዋጋውን መደገፍ ነበር። ችግሩን ጥቂት ቢያቀልለውም ከሥሩ አልነቀለውም፤ በአንዳንድ ቦታም ገበሬው ከመንግሥት ድጋፍ በመጠበቅ ያንኑ ወይን መትከሉን ቀጠለ። ብዙ ወጣቶች ግን መጠበቅ አልቻሉም። ከ1890ዎቹ ጀምሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባለው ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ግሪኮች ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ ከእነርሱም እጅግ ብዙዎቹ የፔሎፖኔዝ ልጆች ነበሩ። በባዕድ አገር በባቡር መንገድ ሥራ፣ በፋብሪካና በምግብ ቤት እየሠሩ ለቤተሰቦቻቸው የሚልኩት ገንዘብ የብዙ መንደር ዕዳ ከፈለ፤ የእኅቶቻቸውንም ጥሎሽ ሸፈነ።

የዛሬዋ ቆሮንቶስ

አዲሲቷ ከተማም ከአደጋ አላመለጠችም። በ1928 ሌላ የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ቃጠሎ ደረሰባት። እንደገና ተሠራች። በየካቲት 1981 በባሕረ ሰላጤው ምሥራቃዊ ጫፍ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥም እስከ አቴንስ ድረስ ጉዳት አድርሷል። በከተማዋ ውስጥ ጥንታዊ ቤት እምብዛም የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው። ከተማይቱ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ የባሕር ዳር አደባባይና የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አሏት። በጥንቱ ገንዘቧ ላይ ይቀረጽ የነበረው ክንፍ ያለው ፈረስ፣ ፔጋሶስ፣ ሐውልቱ ዛሬ በወደቡ ዳር ቆሟል። በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ የሐዋርያው በዓል በከተማዋ በድምቀት ይከበራል።

መንገደኛ የሚያልፍባት ከተማ መሆኗ አልቀረም። ከአቴንስ ወደ ፔሎፖኔዝ የሚወስደው አውራ ጎዳና በአጠገቧ ያልፋል፤ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ከአቴንስ የሚነሣው ዘመናዊ የከተማ ዳር ባቡር ይደርስባታል። በዚህ ምክንያት በቆሮንቶስ እየኖሩ በአቴንስ መሥራት ይቻላል። ከቦዩ በስተምሥራቅ ትልቅ የነዳጅ ማጣሪያ ስላለ ለአካባቢው ሰው ሥራ ይፈጥራል።

ቦዩ አሁን በዋናነት የሚያገለግለው ጎብኚዎችን የሚያመላልሱ መርከቦችንና ትናንሽ ጀልባዎችን ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት ድልድዮች መርከብ ሲመጣ ወደ ላይ አይነሡም፤ ወደ ውኃው ውስጥ ይሰምጣሉ፤ መርከቡ ካለፈ በኋላም ተመልሰው ይወጣሉ። በ2021 መጀመሪያ ትልቅ የመሬት ናዳ ቦዩን ዘጋው፤ ጥገናው ረጅም ጊዜ ወስዶ፣ በመካከሉ ለአንድ የቱሪስት ወቅት ተከፍቶ፣ በ2023 እንደገና አገልግሎት ጀመረ። መርከቦች የሚያስነሡት ሞገድ በምዕራቡ ጫፍ ያለውን የጥንቱን ዲዮልኮስ ንጣፍ ለብዙ ዓመታት ሲሸረሽረው ኖሯል። በቅርብ ዓመታት የተረፈውን ለማዳን የጥገና ሥራ ተሠርቷል።

በጥንታዊት ቆሮንቶስ መንደር በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከተሠራው የአፖሎን ቤተ መቅደስ ሰባት ዓምዶች ዛሬም ቆመዋል። ከ1896 ጀምሮ በአቴንስ የሚገኘው የአሜሪካ የጥንታዊ ጥናት ትምህርት ቤት በዚያ ቁፋሮ ያካሂዳል። ጳውሎስ በጋልዮስ ፊት የቆመበት ነው ተብሎ የሚታመነውን የድንጋይ መድረክ ለማየት ከብዙ አገር ምእመናን ይመጣሉ፤ የመንደሩ ሰዎችም እንግዳ በማሳደርና ምግብ በመሸጥ ገቢ ያገኛሉ። ቅርስ ባለበት መኖር ግን ኀላፊነትም አለው። በ1990 ዘራፊዎች በመንደሩ ወዳለው ሙዚየም ገብተው ከ270 በላይ ቅርሶችን ወሰዱ። ከአብዛኞቹ ጋር የተገናኙት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በአሜሪካ በማያሚ ከተማ፣ በዓሣ ሣጥኖች ውስጥ ተደብቀው ሳሉ ነው፤ ከዚያም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የአካባቢው ገበሬ ከአያቶቹ መከራ የተማረው በማሳው ላይ ይታያል። ዛሬ የቆሮንቶስ አውራጃ በአንድ ፍሬ ላይ ብቻ አይተማመንም። በባሕሩ ዳር ሜዳ ለምግብ የሚሆን ዘር የለሽ ወይን ለምቶ ትኩሱን ወደ ውጭ ይላካል፤ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ አፕሪኮትና ወይራም ይበቅላሉ። በደቡብ በኩል ባለው በኔሜያ ሸለቆ ከአካባቢው የወይን ዝርያ የሚጠመቀው ቀይ ወይን ጠጅ ስሙ በሕግ የተጠበቀለት ነው፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ጠጅ በዚያ ስም ሊሸጥ አይችልም። ጥቁሩ ዘቢብም አልጠፋም። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በስተምዕራብ፣ በኤግዮ ከተማ ዙሪያ፣ ቮስቲትሳ በሚል የተጠበቀ ስም ይመረታል። ገበሬዎቹ በጥራቱ እንጂ በብዛቱ መወዳደር እንደማያዋጣቸው ተረድተዋል።

ይህ ማለት ሥጋት ተወገደ ማለት አይደለም። በጋው እየበረታ ሲሄድ የሰደድ እሳት ፍርሃት አለ፤ በ2024 መስከረም መጨረሻ በዚሁ አውራጃ የተነሣው እሳት ሁለት ሰዎችን ገድሏል። ወጣቱ ወደ አቴንስ ይሳባል፤ እርሻው በአረጋውያንና ከውጭ በመጡ የጉልበት ሠራተኞች ላይ ይደገፋል። የዓለም ገበያ ዋጋም እንደ ቀድሞው ሩቅ ባሉ ሰዎች ይወሰናል።

ሙሚዮስ ያቃጠላትን ከተማ መልሶ ያቋቋመው፣ በሁለት ባሕሮች መካከል ያለው መንገድ አሁንም ሰውና ሸቀጥ የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ወይራውን የቆረጠው ገበሬ ግን እንዲህ ያለ መመለሻ አላገኘም፤ የሚተማመንበት ሁሉ በአንድ ገዢ እጅ ነበርና። በቆሮንቶስ ዙሪያ ያሉ ማሳዎች ዛሬ ወይኑንም ወይራውንም ጎን ለጎን ይዘዋል። ነሐሴ ሲመጣ ደግሞ ዘቢብ የሚያደርቁት ገበሬዎች እንደ አባቶቻቸው ፍሬውን በፀሐይ ላይ ዘርግተው፣ መሸፈኛውን በአጠገባቸው አድርገው፣ ከባሕሩ በኩል ደመና መምጣቱንና አለመምጣቱን ይመለከታሉ።